ዝናብ ያላመጣቸው ግልገሎች

ባለፈው ወር ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ በመተማ ከብት ተራ በኩል አቋረጥሁ። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ ከጋላባት ማዶ በጉንና ፍየሉን እየነዳ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። አንድ ጀላቢያው አቧራ የጠጣ ሰውዬ ሃያ የሚሆኑ በጎች አቁሟል። ሁሉም የሱዳን በጎች ናቸው፤ እግራቸው ረጅም፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ጅራታቸው ቀጭን ሆኖ እስከ ቋንጃቸው የሚወርድ። መካከላቸው ግን አንዲት ግልገል ነበረች፤ ጆሮዋ አጭር፣ ጅራቷ እንደ መዳፍ የሰፋ። ጅራት አይባልም፣ ላት ነው።

«ይቺ ከየት መጣችብህ?» አልሁት በዓረብኛ።

ሳቀ። «ዋላሂ እኔም አላውቅም። እናቷም አባቷም እንደነዚህ ናቸው። በኛ አገር አንዳንዴ እንዲህ ያለች ትወለዳለች።»

«አገርህ የት ነው?»

«ሀዋታ።»

በፀሐይ የደረቀ የበግ ሽንትና የእሾህ አጥር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ሽንኩርቱንም ሳልገዛ ተመለስሁ። ቤት ሲጠይቁኝ ራሴን አመመኝ አልሁ። ያመመኝ ራሴን አልነበረም።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከሦስት ልጆች ትልቋ ነኝ። ሰኔ ሊገባ ሲል ከገዳሪፍ ከተማ ወጥተን ሀዋታ አጠገብ ወዳለው የሀጅ ባቢከር እርሻ ገባን። አባቴ የሀጁን ትራክተር ሊነዳ ተቀጥሮ ነው። ሀጁ ፋው አካባቢም እርሻ ስለነበራቸው አባቴን ወደዚያ ይልኩታል፤ በወር አንዴ ካየነው ብዙ ነው። እናቴ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለሚመጡት ሠራተኞች ወጥ ትሠራ ነበር። የሠራተኞቹ ሰፈር ካምቦ ይባላል፤ ጥቁር መሬት ላይ የተተከሉ የሣር ጎጆዎች ናቸው። ጎጆው የሀጁ፣ ውኃው የሀጁ፣ የአባቴ የመኖሪያ ወረቀት በሀጁ እጅ። ይህን በዚያ ዕድሜዬም አውቀው ነበር፤ እናቴ በቀን ሦስቴ ስለምታስታውሰን።

ሠራተኞቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ዓመቱን ሙሉ ካምቦው ውስጥ የምንቀረው እኛና አያ ጎሹ ብቻ ነበርን።

አያ ጎሹ የሀጁ የበግ እረኛ ናቸው። ከወገራ ወርደው እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ መሬታቸውን ወንድሞቻቸው ተካፍለውታል። ካገራቸው የቀራቸው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ አንገታቸው ላይ ያለው ማተብ ነው፤ እናታቸው ያሰሩላቸው ነው ይላሉ፣ በላብ ደርቆ ሽቦ መስሏል። ሁለተኛው ዳለቻው ነው።

ዳለቻው ግራጫ አውራ በግ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለሰሊጥ የወረደ ዘመዳቸው ግልገል ሳለ ይዞላቸው መጣ። ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ላቱ ሲራመድ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ነበር። በእነዚያ ቀጫጭን የሱዳን በጎች መካከል ሲቆም ካፖርት ለብሶ ቆላ እንደወረደ ሰው ያስቅ ነበር። አያ ጎሹ ግን አይስቁበትም። ማታ ማታ ሠራተኞቹ እራት ሲበሉ «የሱዳን ቁመት ከወገራ ላት ጋር ቢገናኝ፣ እንዴት ያለ በግ ይወጣው ነበር» ይላሉ። አንድ ቀን ጥቂት ሴት በጎች ገዝተው ከዳለቻው ጋር አገራቸው ሊገቡ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ካምቦው ውስጥ አልነበረም፤ ሀጁም ሰምተዋል።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ለት ሀጁ ከሀዋታ መጡ። በጎቹ የሚያድሩበት በእሾህ የታጠረ ዘሪባ አለ፤ እዚያ ገብተው «ቢስሚላህ» አሉና አያ ጎሹ አውራዎቹን አንድ በአንድ እየያዙ ይፈቱ ጀመር። ለካስ እያንዳንዱ አውራ ከሆዱ ሥር ቀጭን ገመድ ታስሮበታል። ኩናን ይሉታል ሱዳኖች። ገመዱ ቆዳውን ወደ ጎን ስቦ ይይዘዋል። አያ ጎሹ የፈቱትን ገመድ የሰሊጥ ዘይት እየቀቡ እሾሁ ላይ ይሰቅሉታል፣ ለመጪው ጊዜ እንዳይደርቅ።

አሁን ነገሩ ይገባኛል። በዚያ ቆላ በግ የራሱ ወቅት የለውም፤ ከተተወ ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል፣ በግንቦት የተወለደው ግን ሣርም ወተትም አያገኝም። ስለዚህ ወቅቱን የሚሠራለት ሰው ነው፣ አውራውን ከሴቷ በሚከለክል ገመድ። በዝናብ ሲፈቱ አምስት ወር ይቆጠርና ግልገሉ ኅዳር ላይ ይወርዳል፤ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው በአገዳ ሲሞላ። የዚያን ጊዜ ግን የከተማ ልጅ ነበርሁ። የማውቀው በግ በዓል ሲደርስ በር ላይ የሚታሰረውን ነው።

«አያ፣ ገመዱ ለምንድነው?»

አያ ጎሹ ቀና ብለው ደመናውን አዩ። «እንዳይቸኩሉ ነው።»

«የት ለመሄድ?»

«በይ አንች ልጅ፣ ዘይቱን አቀብይኝ።»

ሴት ልጅ ነኝ፣ እሳቸው ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ለማስረዳት ምላሳቸው አይታዘዝም። ግልገል ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃቸውም ትንሽ አስበው «ዝናብ ነው የሚያመጣቸው» አሉኝ። አመንሁ። ሣሩን ዝናብ ያመጣዋል፣ እንቁራሪቱን ዝናብ ያመጣዋል፣ ግልገሉን የማያመጣበት ምክንያት አልታየኝም።

ሁሉም አውራዎች ሲፈቱ ዳለቻው ታስሮ ቀረ።

«እሱስ?»

«እሱ አይፈታም።»

«ለምን?»

«የሰው አገር ነዋ» አሉ፣ ላቱን በእጃቸው መዝነው ለቀቁት።

ሀጁ የበጎቻቸው ዘር እንዲጠራ ይፈልጋሉ። ለሐጅ ወቅት በጎቹን የሚወስዱት ነጋዴዎች ጅራቱ ቀጭን፣ ጆሮው ረጅም ካልሆነ ዞር ብለው አያዩትም። ስለዚህ ሀጁ መጀመሪያ «አኮላሸው» አሏቸው፤ አያ ጎሹ ዘሩን ላገር ብዬ ነው ብለው ለመኑ። ሀጁም እሺ አሉ፣ በአንድ ነገር፦ ዳለቻው ገመዱ ለአንድ ቀን እንኳ ላይወልቅ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያ ቀን የገባኝ ሌላ ነው። ዳለቻው ያልተፈታው ሐበሻ ስለሆነ መሰለኝ። አባቴ ወረቀቱን ሳይዝ ሀዋታ ገበያ መውጣት አይችልም፤ በግም እንደዚያው ነው አልሁ። ተናደድሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳዬ የማሽላ ቂጣ እየቆረስሁ ለዳለቻው ማካፈል ያዝሁ።

የተፈቱት አውራዎች በወሩ እንደገና ታሰሩ። ኅዳር ላይ፣ አያ ጎሹ እንዳሉት፣ ግልገሎቹ መጡ። ቀን በቀን ሦስት አራት ይወርዳሉ። አያ ጎሹ በጎቹን የሚያውቁት በዘር ነበር። «ይችን እያት፣ የዚያች የቀይዋ የልጅ ልጅ ናት። አያቷም እንዲሁ አንድ ጆሮዋን ጥላ ነበር የምታዳምጥ» ይሉኛል። አንዲት ነጭ በግ መንታ ወለደች፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለበት። እንዴት ነው ስላቸው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ የበጊቱ ሆድ በውስጥ በኩል ባለመስመር ሆኖ፣ ግልገሎቹ የተኙበት መስመር ቀለሙን ያስተላለፈባቸው መሰለኝ። እናቴን ሄጄ «ያንቺም ሆድ ዥንጉርጉር ነው?» አልኋት። ማማሰያዋን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት የመጨረሻ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ ላይ አያ ጎሹን ወባ ጣላቸው። እናቴ ጎጆአችን ውስጥ አስተኝታ አጥሚት ታጠጣቸው ጀመር። በጎቹ የታጨደው ማሽላ ላይ፣ ካምቦው አጠገብ ስለሚውሉ እኔ እንዳያቸው ተባለ። አያ ጎሹ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «ዳለቻውን እንዳትነኪው» አሉኝ። ከዚያ በፊትም ነክቼው አውቃለሁ፤ የሚናከስ በግ አይደለም፣ ብነካው ምን ይሆናል አልሁ።

በሁለተኛው ቀን ዳለቻው ተኝቶ አልነሣ አለ። ከሆዱ ሥር ስመለከት ገመዱ ቆዳውን ልጦት ቁስሉ ላይ ዝንብ ሠፍሯል። ሌላ ጊዜ አያ ጎሹ በየሁለት ቀኑ እያላሉ ዘይት ይቀቡለት ነበር። እኔ ግን ሽንቱን መሽናት ያልቻለ መሰለኝ። ማንም የሌለበትን ጊዜ ጠበቅሁና ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። ገመዱን ከእናቴ ድስት ሥር ያለው እሳት ውስጥ ጣልሁት፣ ማንም መልሶ እንዳያስረው።

ዳለቻው ተነሣ። ራሱን አራገፈ። ከዚያ በጎቹ መካከል ገብቶ አንዷን ሲያሳድድ፣ ሌላዋን ሲያሸት፣ ሲዘል ዋለ። ጨዋታ መሰለኝ። አራት ዓመት ታስሮ የኖረ ቢጫወት ምን ይገርማል? አገዳ ላይ ተቀምጬ እያየሁት ደስ አለኝ። እንደዚያን ቀን ጥሩ ልጅ ነኝ ብዬ አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን እናቴ «አያ ጎሹ ላብ አላባቸው፣ ነገ ይወጣሉ» ስትል ደስታዬ ሁሉ ጠፋ። ገመዱን ሲያጡ ምን እላለሁ? የጆንያ ቃጫ ፈልጌ አገኘሁ፤ ግን ሻካራ ነው፣ ቁስሉ ላይ ላኖርበት አልቻልሁም። ያኔ እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ማተቤ ጥቁር የጥጥ ክር ነው፣ ለስላሳ። ካህን የባረከው ስለሆነ ከክፉ ይጠብቃል ትላለች እናቴ። ዳለቻውንም ይጠብቀዋል አልሁ። በአናቴ በኩል አወጣሁትና ከሆዱ ሥር፣ ገመዱ የነበረበት ቦታ በመሰለኝ ላይ፣ ልል አድርጌ አሰርሁት።

በማግሥቱ አያ ጎሹ በምርኩዝ ወጥተው ዘሪባው ውስጥ ገቡ። እኔ ጎጆ ውስጥ ተደብቄ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሳይ ዳለቻው በአዲስ ገመድ ታስሯል። ማተቤ የለም። ወድቆ ይሆናል ብዬ መሬቱን በእጄ እየዳበስሁ ፈለግሁ፣ አጣሁት። አያ ጎሹ ምንም አልጠየቁኝም። ተሸወዱልኝ ብዬ ተነፈስሁ። እናቴ ግን አንገቴን አይታ ጮኸችብኝ። ወንዝ ወረድሁና ጠፋብኝ አልኋት። «ማተብሽን በጠስሽ» አለች፤ ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ አለቀስሁ። ካህን ያለበት ገዳሪፍ ሩቅ ነው፤ አንገቴ ባዶውን ከረመ።

ከጥር ጀምሮ በአያ ጎሹ ዘንድ ስለ ወገራ ላት ማውራት ቀረ። ማታ ማታ የሴት በጎቹን ሆድ በመዳፋቸው እየዳበሱ ያልፋሉ፤ አንዳንዷ ላይ እጃቸው ይቆያል። ኅዳር ላይ ባልወለዱት ቄቦች፣ በወጣቶቹ በጎች ላይ በተለይ። ከዘሪባው ጀርባ የማሽላ አገዳና የለውዝ ቅጠል መከመር ጀመሩ። ሠራተኞቹ «ሽማግሌው ስስት ጀመራቸው» ብለው አሾፉባቸው። እኔም አሾፍሁ።

በጋው በረታ። የረሃድ ወንዝ ተቆራርጦ አረንጓዴ ኩሬ ብቻ ሆነ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ የእኔ እግር የሚገባበት ስንጥቅ ወጣ። ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ሲገባ፣ አንድ ቀትር ላይ፣ ከዘሪባው የግልገል ድምፅ ሰማሁ።

ሰማዩን አየሁ። ዳመና የሚባል የለም። ሮጬ ሄድሁ። አንዲት ቄብ ከእሾሁ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር እርጥብ ግራጫ ነገር ይንቀጠቀጣል። ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጆሮው አጭር። ጅራቱ ሰፊ። እናቲቱ አሸተተችውና ራቀች፤ ጡቷ ከቆዳ በቀር ምንም አልነበረበትም።

አያ ጎሹ ግልገሉን በነጠላቸው እየጠረጉ ነበር።

«አያ» አልሁ፣ «ዝናቡ የት አለ?»

እጃቸው ቆመ። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ዝናብ አይደለም የሚያመጣቸው» አሉ። «ዋሽቼሽ ነው። አውራው ከሴቷ ሲደርስባት ነው የሚመጡ። ገመዱም ለዚያ ነው የሚታሰር። ከመጀመሪያው ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አፈርሁና ተውሁት።»

የዚያን ቀን የነበረው ሙቀት ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ እኔ ግን በረደኝ። የዳለቻውን ጨዋታ አንድ በአንድ አስታወስሁት።

በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ግልገሎች ተወለዱ። አያ ጎሹ የከመሩትን አገዳ ለእናቶቹ አወጡ፤ ስስት ያልነው ለዚህ ነበር። አልበቃም። እናቴ የማሽላ አጥሚት አቅጥና ሰጠችን፤ በጨርቅ እየነከርን በአፋቸው ጨመቅንላቸው። አንዳንዱ ይጠባና ያየኛል፣ ከዚያ ዓይኑ እንደተከፈተ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት የሞቱትን አያ ጎሹ በጆንያ ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ልከተላቸው ስል «አንች ቅሪ» ይሉኛል። ዘጠኙ ሞቱ። ሁለት ቀሩ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት።

ሀጅ ባቢከር ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ከሀዋታ በመኪናቸው መጥተው ዘሪባው ውስጥ ቆሙ። ለክረምቱ መሬት ሊያጸዱ ቀድመው የመጡትን ሠራተኞች ጨምሮ ካምቦው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወጣ። ወንዱን ግልገል በኋላ እግሩ አንሥተው ላቱን በሁለት ጣታቸው ያዙት።

«ዳ ሹኑ፣ ያ ጎሹ?» አሉ። ምንድነው ይሄ ማለታቸው ነው።

አያ ጎሹ መሬት መሬት አዩ።

«አሥራ አንድ ዓመት በጎቼን ላንተ ሰጥቼ እንቅልፌን ተኛሁ» አሉ ሀጁ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አንድ ነገር ብቻ ለመንሁህ። አማና አልነበረም?»

«አማና ነበር፣ ሀጅ፤ አደራ ነበር።»

«የሱዳን ቁመት ከወገራ ላት ጋር ስትል ሰምቼሃለሁ። በኔ በጎች ሞከርኸው።»

«አልሞከርሁም።»

«ታዲያ ማነው የፈታው? ገመድ ራሱን አይፈታም።»

እናቴ ከኋላዬ ነበረች። አፌን ከፈትሁ። እጇ ትከሻዬ ላይ ወረደና ሥጋዬን ጨመደደ፤ ጥፍሯ ሲገባ ተሰማኝ። አያ ጎሹ ወደ እኛ አላዩም።

«በጉ የኔ ነው» አሉ። «ገመዱም የኔ ነው። ከተፈታ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሀጁ የሚያስተባብል ቃል ይጠብቁ የነበረ ይመስለኛል። ሲያጡ ግልገሉን ቀስ ብለው መሬት አኖሩት። «ይህ አውራ ከበጎቼ ጋር አያድርም» አሉ። «እኔ ባርደው አንተ አትበላውም። ራስህ እረደው። ነገ መኪና ወደ ጋላባት ይሄዳል፤ ይወስድሃል።» ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ፤ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሴቷን ግልገል ለሚያሳድጋት ሰው እሰጣታለሁ ብለው ሀዋታ ወሰዷት። ወንዱ መኪናው ሳይነሣ ሞተ።

ጎጆ እንደገባን «እማ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት» አልኋት።

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። «ይህ ነገር ከዚህ ጎጆ አይውጣ።»

«ሄጄ ለሀጁ ልንገራቸው።»

«ክረምት እየመጣ ነው» አለች። «አባትሽ ፋው ነው። እሳቸው አንድ ነፍስ ናቸው፣ እኛ አምስት ነን። ሰማሽኝ፣ ይታይሽ?» ስሜን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። «እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ ሌላ ምን ልሁን?»

ልነግራቸው መሄድ እችል ነበር። የሀጁ መኪና ገና አልሄደም ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። አልሄድሁም። ልጅ ነበርሁ እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ፤ ግን እናቴን ፈርቼ ብቻ አይደለም የቀረሁት። እኛ እንዳንባረር ፈለግሁ።

ዳለቻውን አያ ጎሹ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረዱት። ካምቦው የበዓል ያህል ሥጋ በላ። ሠራተኞቹ የሚያዝኑትን አዘኑ፣ ከዚያ ጣታቸውን ላሱ። እናቴ ከላቱ ቁራሽ ጠብሳ ሳህኔ ላይ አደረገችልኝ። ስቡ እጄ ላይ ቀለጠ። በላሁት። ጣፈጠኝም፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አያ ጎሹ አልቀመሱም። ዘሪባው በር ላይ ተቀምጠው ቆዳውን በአመድ ያሹ ነበር።

ጠዋት መኪናው ሲሞቅ፣ ዕቃቸው አንዲት ጆንያና የዳለቻው ቆዳ ነበር። ሠራተኞቹን ተሰናብተው እናቴ ዘንድ መጡ። እናቴ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አነሡዋት። «ተይ እንጂ» አሏት። «ልጆች እያዩ።»

ከዚያ «ነይ እስቲ፣ ይታይሽ» አሉኝ።

ቀረብሁ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ከሸሚዛቸው አንገት ሥር የሆነ ነገር ፈቱ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ቋጠሮው አርጅቷል። የእናታቸው ማተብ ነበር። አንገቴ ላይ ሁለት ዙር አዞሩት፣ ለእሳቸው የተለካ ስለሆነ ሰፍቶኝ። ጣቶቻቸው የበግና የሰሊጥ ዘይት ይሸታሉ። ቋጠሮውን ሲያጠብቁ አውቄዋለሁ፤ አውራዎቹን ሲያስሩ በየጊዜው ሳየው የኖርሁት ቋጠሮ ነው።

«ይኸኛውን» አሉኝ በጆሮዬ፣ «ለማንም አትስጭ።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። እናቴ ሰምታለች፤ እሷም ቀና አላለችም።

መኪናው ላይ ወጥተው ጀርባቸውን ለሹፌሩ ቤት ሰጥተው፣ ቆዳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሲሄዱ እርሻውን ያዩ ነበር። ፀሐይ ባጠቆረው አንገታቸው ላይ፣ ማተቡ ስልሳ ዓመት የኖረበት ቦታ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ከሩቅ ይታይ ነበር።